የፕሮስቴት ካንሰርና የሰውነት መከላከያ ኃይል፦ ማነቃቃቱ ብቻውን ለምን አልበቃም?

በኤፕሪል 2010 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ በተለምዶ ኤፍዲኤ እየተባለ የሚጠራው ተቋም፣ ፕሮቬንጅ ለተባለ የፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና ፈቃድ ሰጠ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፕሮቬንጅ እንደ ኬሞቴራፒ ካንሰሩን በቀጥታ የሚመታ መድኃኒት አይደለም፤ ከሕመምተኛው ደም ነጭ ሕዋሳትን ወስዶ፣ የካንሰሩን መለያ አስተዋውቆ፣ መልሶ ወደ ደሙ የሚያስገባ ክትባት ነው። ከሕመምተኛው ከራሱ ሕዋሳት የሚሠራ የካንሰር ክትባት በዚያች አገር ሲፈቀድ የመጀመሪያው ነበር፤ ሜላኖማ የተባለውን የቆዳ ካንሰር ሕክምና የለወጠው ኢፒሊሙማብ እንኳ ፈቃድ ያገኘው አንድ ዓመት ያህል ዘግይቶ በማርች 2011 ነው። ስለዚህ የሰውነትን በሽታ የመከላከል ኃይል በማነቃቃት ካንሰርን የማከሙ ዘመን በፕሮስቴት ካንሰር ተጀምሮ ወደሌሎቹ የሚሻገር መስሎ ነበር።

የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በሚቀጥሉት ዓመታት ሜላኖማ፣ የሳንባ ካንሰርና የኩላሊት ካንሰር ኢሚዩኖቴራፒ በሚባለው በዚህ የማነቃቃት ሕክምና መልካቸው ሲለወጥ፣ ከሁሉ ቀድሞ የተነሣው የፕሮስቴት ካንሰር ከኋላ ቀረ። በሌሎች ካንሰሮች ላይ ተአምር የሚመስል ውጤት ያሳዩ መድኃኒቶች እዚህ ሲሞከሩ ተራ በተራ ወደቁ። ምክንያቱ የማነቃቂያው ማነስ ነው ብለው በላዩ ላይ ሌላ ማነቃቂያ የጨመሩ ተመራማሪዎች ጥቂት አልነበሩም፤ እኔ ግን የእነዚህ ዓመታት ማስረጃ የሚያመለክተው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመስለኛል። በአብዛኞቹ ሕሙማን ዘንድ የጎደለው ማነቃቂያው ሳይሆን፣ የሚነቃቃው ሕዋስ ራሱ ነው። ይህ ልዩነት ምን ዓይነት ሕክምና መሠራት እንዳለበትም፣ ለማን መሰጠት እንዳለበትም ይወስናል።

የችግሩ ስፋት ጉዳዩ የጥቂት ላቦራቶሪዎች ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። በ2022 በዓለም ላይ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ወንዶች የፕሮስቴት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ ወደ 400 ሺህ የሚጠጉት ደግሞ በዚሁ በሽታ ሞተዋል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ በ2020 1.4 ሚሊዮን የነበረው የአዲስ ሕሙማን ቁጥር በ2040 ወደ 2.9 ሚሊዮን እንደሚያድግ ገምቷል። በጊዜ የተገኘ ካንሰር በቀዶ ሕክምና ወይም በጨረር ሊድን ይችላል። ከዕጢው አልፎ የተሰራጨው ግን ዋና መቆጣጠሪያው፣ ቻርልስ ሃጊንስ በ1941 ካሳዩበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ፣ ቴስቶስቴሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን ማጥፋት ነው። ሆርሞኑ ሲነጥፍ ካንሰሩ ይከስማል፤ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ግን ያለ ሆርሞን መኖርን ይለምዳል። አብዛኞቹ የኢሚዩኖቴራፒ ሙከራዎች የተደረጉት እዚህ ደረጃ ላይ በደረሱ፣ ካንሰሩ ወደ አጥንታቸው በዘለቀ ወንዶች ላይ ነው።

ፕሮስቴት ለክትባት የተመቸ ዒላማ ተደርጎ የታየው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዕጢው ፒኤስኤንና ፒኤፒን የመሳሰሉ፣ በሌላው የሰውነት ክፍል እምብዛም የማይገኙ ፕሮቲኖችን ያመርታል። የመከላከያው ሥርዓት እነዚህን ፕሮቲኖች የያዘውን ሁሉ ቢያጠቃና ከካንሰሩ ጋር ጤነኛውንም የፕሮስቴት ሕዋስ ቢያጠፋ፣ ሰው ያለ ፕሮስቴት መኖር ስለሚችል ጉዳቱ የልብ ወይም የጉበት ያህል አይደለም። በተጨማሪም በሽታው ብዙውን ጊዜ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ፣ ክትባት ሥራውን እስኪጀምር የሚፈልገውን የሳምንታት ፋታ ይሰጣል። አስተሳሰቡ ትክክል ነበር፤ ያልታየው በዕጢው ውስጥ የሚጠብቀው ሁኔታ ነው።

ፕሮቬንጅ እንዴት እንደሚሰጥ ቀረብ ብሎ ማየት የሕክምናውን ጥንካሬም ድክመትም ያስረዳል። ሕመምተኛው በሁለቱም ክንዶቹ ላይ መርፌ ተተክሎለት፣ ወይም የደም ሥሩ ቀጭን ከሆነ አንገቱ አካባቢ ቱቦ ገብቶለት፣ ለሦስትና ለአራት ሰዓት ያህል ከማሽን ጋር ተያይዞ ይቀመጣል። ማሽኑ ደሙን እየሳበ ነጩን ሕዋስ ያስቀርና የቀረውን ይመልሳል። የተሰበሰበው ከረጢት በዚያው ዕለት ወደ ፋብሪካ ይላካል፤ እዚያ ሕዋሳቱ ፒኤፒ ከሚያነቃቃ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ከተሠራ ውህድ ጋር አብረው ይቆያሉ። በሦስተኛው ቀን ገደማ የነቁት ሕዋሳት የሕመምተኛው ስም ተጽፎባቸው ይመለሱና በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥሩ ይገባሉ። ይህ ሁሉ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ ይደገማል። የተዘጋጀው ከረጢት ከሰዓታት በላይ አይቆይም፤ አውሮፕላን ከዘገየ ወይም የጥራት ምርመራው ካላለፈ ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። እንዲህ ያለው ሕክምና የሚሄደው መንገዱ፣ አየር ማረፊያው፣ ላቦራቶሪውና ሆስፒታሉ እንደ ሰንሰለት ተያይዘው በሚሠሩበት አገር ብቻ ነው።

ፈቃዱን ያስገኘው ኢምፓክት የተባለው ሙከራ 512 ሰዎችን ያካተተ ሲሆን፣ ክትባቱን የወሰዱት በመካከለኛ ስሌት 25.8 ወር፣ ያልወሰዱት 21.7 ወር ኖረዋል። ልዩነቱ አራት ወር ብቻ ነው ተብሎ ሊናቅ ይችላል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ግን ከወሰዱት 100 ሰዎች 32 ገደማ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 23 ናቸው። ሐኪሞችን ግራ ያጋባው ነገር ሌላ ነው። ክትባቱ ዕድሜ ሲያራዝም ካንሰሩ ግን በሚታይ መልኩ አልቀነሰም፤ በደም ውስጥ የሚለካውና የካንሰሩን ሁኔታ የሚያመለክተው የፒኤስኤ መጠን በግማሽ የወረደላቸው ከ100 ሰዎች ሦስት እንኳ አይሞሉም፤ በሽታው እንደገና እስኪባባስ የፈጀው ጊዜም በሁለቱ ወገኖች ዘንድ እኩል ነበር። ሕመምተኛው ሦስት ጊዜ ከማሽን ጋር ውሎ፣ በወሩ ደም ሲመረመር ቁጥሩ ከፍ ብሎ ያገኘዋል። ሐኪሙም «እየሠራልህ ነው» ብሎ የሚያሳየው ምልክት የለውም።

የዋጋው ጉዳይ በዚህ ላይ ተጨመረ። የሦስቱ ዙር ዋጋ 93,000 ዶላር ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን መድን የሆነው ሜዲኬር በ2011 ለመክፈል ቢስማማም፣ ብዙ ሐኪሞች ወደኋላ አሉ፤ አምራቹ ዴንድሪዮን በ2014 መክሰሩን አሳወቀ። በአውሮፓ ኅብረት በ2013 የተገኘውም ፈቃድ በ2015 ተሰረዘ። ሕክምናው ዛሬም በአሜሪካ ይሰጣል። ከዚህ ሁሉ የተገኘው ዋና ትምህርት ግን፣ እንደ እኔ እምነት፣ ከኪሳራው ዜና በታች ተቀብሮ ቀርቷል። ተመራማሪዎች የኢምፓክትን ውጤት በመነሻ የፒኤስኤ መጠን በአራት ከፍለው እንደገና ሲመለከቱት፣ መጠኑ ከሁሉ ዝቅተኛ በሆነላቸው፣ ማለትም የበሽታው ሸክም ቀላል በሆነላቸው ሰዎች ዘንድ የዕድሜ ልዩነቱ 13 ወር ደርሶ ተገኘ፤ ከሁሉ ከፍተኛ በሆነባቸው ዘንድ ግን ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። እንዲህ ያለ የኋላ ቅኝት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ነገር ግን የመከላከያው ሥርዓት ጊዜና ጤነኛ ሰውነት እንደሚፈልግ ከምናውቀው ጋር ይስማማል።

ከፕሮቬንጅ በኋላ የመጡት ክትባቶች ዕጣ ከዚህ የከፋ ነው። ጂቫክስ የተባለው፣ በላቦራቶሪ ከሚያድጉ የካንሰር ሕዋሳት የተሠራ ክትባት፣ በ2008 የተቋረጠው ክትባቱን ከኬሞቴራፒ ጋር በወሰዱት ዘንድ ኬሞቴራፒ ብቻ ከወሰዱት ይልቅ ብዙ ሞት በመታየቱ ነው። ፕሮስትቫክ ደግሞ የፒኤስኤን ዘረመል በተዳከሙ ቫይረሶች ላይ ጭኖ የሚያስገባ ነበር። 125 ሰዎች በተሳተፉበት ሁለተኛ ደረጃ ሙከራ ዕድሜን በስምንት ወር ተኩል ያራዘመ መስሎ ትልቅ ተስፋ ቢያሳድርም፣ ወደ 1,300 የሚጠጉ ሰዎች በተሳተፉበት ሦስተኛ ደረጃ ሙከራ በ2017 ምንም ልዩነት ሳያሳይ ቀረ። በዚያው ዓመት ኪዩርቫክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በኤምአርኤንኤ የሠራው የፕሮስቴት ካንሰር ክትባትም አልተሳካም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዓለም ሁሉ ስሙን የሰማው የኤምአርኤንኤ ጥበብ በኮቪድ ላይ ሲሠራ በዚህ ካንሰር ላይ ያልሠራው፣ ክትባቱ ደካማ ስለነበር ብቻ አይደለም። ቫይረስ ለሰውነት እንግዳ ነው፤ የፕሮስቴት ካንሰር ግን ከሞላ ጎደል የራሱን መልክ የያዘ ዘመድ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ተስፋ ፍሬኑን የማላቀቅ ሕክምና ነው። ቲ ሴሎች የተባሉት የነጭ ደም ሕዋሳት ያለ ልክ ተነሥተው የገዛ ሰውነትን እንዳያጠቁ የሚይዟቸው ፍሬኖች አሏቸው፤ ካንሰር ደግሞ እነዚህን ፍሬኖች እየረገጠ ያስቆማቸዋል። አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ፍሬኖቹን በፀረ እንግዳ አካል ማላቀቅ እንደሚቻል በማሳየታቸው የ2018ን የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። አሊሰን ወንድማቸውን በፕሮስቴት ካንሰር ያጡ ሰው ናቸው፤ ሆኖም ከግኝታቸው ከሁሉ ያነሰ ጥቅም ካገኙት ካንሰሮች አንዱ ይኸው ሆነ።

ከእነዚህ ፍሬን አላቃቂ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ኢፒሊሙማብ በሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ተፈተነ። ኬሞቴራፒ የወሰዱ 799 ሰዎች በተሳተፉበት በመጀመሪያው፣ ተሳታፊዎቹ በአጥንት ላይ ጨረር ከተቀበሉ በኋላ መድኃኒቱን የወሰዱት 11.2 ወር፣ ያልወሰዱት 10 ወር በመኖራቸው ልዩነቱ የስታቲስቲክስን መስፈርት ለጥቂት ሳያሟላ ቀረ። ሁለተኛውም አልተሳካም። ሌላው ፍሬን አላቃቂ ፔምብሮሊዙማብ ብቻውን ሲሰጥ ካንሰሩ የቀነሰላቸው ከ100 ሰዎች ከሦስት እስከ አምስት ነበሩ። በዚህ ጊዜ «ብቻውን ካልሠራ ከሌላ ጋር ይሠራል» የሚል አስተሳሰብ ተነሣ፤ አቴዞሊዙማብ የተባለው ሌላ ፍሬን አላቃቂ ኤንዛሉታማይድ ከተባለው የሆርሞን መድኃኒት ጋር፣ ፔምብሮሊዙማብ ደግሞ ከዚሁ ከኤንዛሉታማይድ፣ ዶሴታክሰል ከተባለው ኬሞቴራፒና ኦላፓሪብ ከተባለው ሌላ የካንሰር መድኃኒት ጋር እየተጣመሩ በሺህ በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ተሞከሩ። ከ2019 እስከ 2023 ባሉት ዓመታት እነዚህ ሙከራዎች አንድ በአንድ ዕድሜ ማራዘም ሳይችሉ ተዘጉ። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ከሕክምናው ጥቅም ሳያገኙ የአንጀት ብግነት፣ የጉበት ጉዳት ወይም የታይሮይድ መታወክ ያተረፉ ሰዎች አሉ። ስለዚህ «አልተሳካም» የሚለው ቃል በዘገባ ላይ ሲነበብ ቀላል ቢመስልም፣ ክብደቱን የተሸከሙት እነሱ ናቸው።

ለምን? የመጀመሪያው ምክንያት በካንሰሩ ዘረመል ውስጥ ይገኛል። ቲ ሴሎች ካንሰርን ከጤነኛ ሕዋስ የሚለዩት በዘረመል ለውጥ የተነሣ መልካቸው በተቀየረ ፕሮቲኖች ነው። በፀሐይ ጨረር የተጎዳ የቆዳ ሕዋስ ወይም በሲጋራ ጭስ የተጎዳ የሳንባ ሕዋስ እንዲህ ያለ ለውጥ በብዛት ይሸከማል፤ የፕሮስቴት ካንሰር ግን በአብዛኛው በአንድ ሚሊዮን የዘረመል ፊደላት አንድ ገደማ ለውጥ ብቻ ነው የሚኖረው። ለውጡ ሲያንስ መለያው ያንሳል፣ መለያው ሲያንስ ወደ ዕጢው የሚገባው ቲ ሴል ያንሳል። ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ዕጢ «ቀዝቃዛ» ይሉታል። ፍሬን ማላቀቅ የሚጠቅመው በመንገድ ላይ የቆመ መኪና ሲኖር ነው፤ እዚህ ግን መንገዱ ባዶ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት፣ ባዶ የመሰለው ቦታ ፍጹም ባዶ አለመሆኑ ነው። በዕጢው ውስጥ ማይሎይድ ከሚባለው ወገን የሆኑ፣ ቲ ሴሎችን የሚያፍኑ ሕዋሳት ተከማችተዋል። በቴክሳስ ኤምዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል ፓድማኒ ሻርማና ባልደረቦቻቸው ከቀዶ ሕክምና በፊት ኢፒሊሙማብ ከወሰዱ ሰዎች የተወሰደውን ፕሮስቴት ሲመረምሩ፣ መድኃኒቱ ቲ ሴሎችን ወደ ዕጢው እንዳስገባቸው፣ ነገር ግን ወዲያው ፒዲ-ኤል1ና ቪስታ የተባሉ ሌሎች ሁለት አፋኝ ፕሮቲኖች በእነዚሁ ማይሎይድ ሕዋሳት ላይ እንደጨመሩ በ2017 አሳይተዋል። አንዱ በር ሲከፈት ሌላው ይዘጋል ማለት ነው። ኢፒሊሙማብንና ኒቮሉማብ የተባለውን ሌላ ፍሬን አላቃቂ አንድ ላይ መስጠት የተሻለ የካንሰር መቀነስ ያሳየውም ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ ሆኖም የጎንዮሽ ጉዳቱ ከባድ በመሆኑ ብዙዎቹ ሕክምናውን ሳይጨርሱ ለማቋረጥ ተገደዋል።

ሦስተኛው አጥንት ነው። የፕሮስቴት ካንሰር ከሁሉ ይልቅ የሚወደው መድረሻ አከርካሪ፣ ዳሌና የጎድን አጥንት ነው፤ በእነዚህ ቦታዎች ካንሰሩ አጥንቱን ሲያፈርስና ሲገነባ በአጥንቱ ውስጥ ተከማችቶ የኖረው ቲጂኤፍ-ቤታ የተባለ ኬሚካል ይለቀቃል። በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት ይህ ኬሚካል ቲ ሴሎችን ከገዳይነት ወደ ሌላ ጠባይ እንደሚያዞራቸው አሳይቷል። በሌላ ካንሰር ላይ የሚሠራ መድኃኒት አጥንት ላይ ሲደርስ ለምን እንደሚለሰልስ ከሚያስረዱት ነገሮች ይህ አንዱ ነው። በዚህ ላይ ቴስቶስቴሮን ራሱ የቲ ሴሎችን ኃይል እንደሚቀንስ በ2022 የታተመ ሥራ አመልክቷል፤ ሆርሞንን የማጥፋቱ ሕክምናና ኢሚዩኖቴራፒ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ቢሰጡ ይደጋገፋሉ የሚለው ሐሳብ የመጣውም ከዚያ ነው። ቅደም ተከተሉን ግን እስካሁን በትልቅ ሙከራ ያገኘው የለም።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ጥርት ያለ ልዩ ሁኔታ አለ። የዘረመል ስሕተትን የሚያርመው የሕዋስ መሣሪያ ሲበላሽ ካንሰሩ በሺህ የሚቆጠሩ ለውጦችን ያከማቻል፤ እንዲህ ያለው ዕጢ በቲ ሴሎች ዘንድ በቀላሉ ይታወቃል። ኤፍዲኤ በ2017 ፔምብሮሊዙማብ ይህ ብልሽት ላለበት ማንኛውም የተሰራጨ ካንሰር፣ የተነሣበት ብልት ምንም ይሁን ምን፣ እንዲሰጥ ፈቅዷል። በኒውዮርክ 1,033 የፕሮስቴት ካንሰር ሕሙማን ሲመረመሩ ብልሽቱ የተገኘው በ32ቱ ላይ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ ይህን መሰል ፍሬን አላቃቂ መድኃኒት ከወሰዱት 11 ሰዎች በስድስቱ ላይ የፒኤስኤ መጠን በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ወርዷል። ሦስት በመቶ ጥቂት ነው። ነገር ግን ለዚያ ሰው መድኃኒቱ ከማይጠቅም ወደ ዓመታት ሰጪነት ሊለወጥ ስለሚችል፣ በተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰር የተያዘ፣ ሕክምናው በሚገኝበት አገር የሚኖር ወንድ ሁሉ «የእኔ ዕጢ ለዚህ ብልሽት ተመርምሯል ወይ?» ብሎ ሐኪሙን ሊጠይቅ ይገባዋል። ምርመራውን ሳያደርጉ መድኃኒቱን በተስፋ ብቻ መስጠት ግን ከላይ የተነገሩትን ሙከራዎች ውጤት እንዳላዩ መሆን ነው።

ለቀሩት 97 በመቶ ምን ይደረግ? ዕጢው ቲ ሴሎችን የማይጠራ ከሆነ፣ በግድ ማምጣት ያስፈልጋል። ዛሬ ከሁሉ የበለጠ ትኩረት የሳበው መንገድ ይህ ነው። ሳይንቲስቶች በአንድ ጫፉ የካንሰሩን ሕዋስ፣ በሌላው ጫፉ ማንኛውንም በአጠገብ ያለ ቲ ሴል የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ሠርተዋል። ሁለቱ ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ ቲ ሴሉ ካንሰሩን አስቀድሞ ባያውቀውም ይገድለዋል፤ የዘረመል ለውጥ ማነስ እዚህ እንቅፋት አይሆንም። ከእነዚህ መካከል አምጀን የተባለው ኩባንያ የሠራው ዛሉሪታሚግ፣ ስቲፕ1 የተባለ በፕሮስቴት ካንሰር ላይ በብዛት የሚገኝ ፕሮቲንን ያነጣጥራል። ብዙ ሕክምና ባለፈባቸው 97 ሰዎች ላይ በተደረገው የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ በግማሾቹ ገደማ ፒኤስኤ በ50 በመቶና ከዚያ በላይ ወርዷል፤ ከፍ ያለውን መጠን ከወሰዱትና ሊለካ የሚችል ዕጢ ካላቸው መካከል ደግሞ 41 በመቶው ዕጢያቸው ቀንሷል። ፔምብሮሊዙማብ ከሰጠው ሦስትና አምስት በመቶ አጠገብ ሲቀመጥ ይህ ሌላ ዓለም ነው።

ዋጋው ግን በሕመምተኛው ሰውነት ይከፈላል። ቲ ሴሎች በአንድ ጊዜ ሲነቁ ሳይቶካይን የተባሉ ኬሚካሎችን በብዛት ይለቃሉ፤ ይህም ከተሳታፊዎቹ 72 በመቶው ላይ ታይቷል። ከመጀመሪያዎቹ መጠኖች በኋላ ባሉት ሰዓታት ሕመምተኛው ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይወጣል፣ የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል፤ ነርሶች አልጋው አጠገብ ሆነው ሙቀቱንና ግፊቱን በየጊዜው ይለካሉ፣ ፈሳሽና ስቴሮይድ ይሰጣሉ። መጠኑን ከትንሽ ጀምሮ በደረጃ ከፍ ማድረግ ጉዳቱን ስለሚያለዝበው አብዛኛው ቀላልና የሚመለስ ነበር። የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ድካምና የደም ማነስ ግን ብዙዎቹን አስቸግሯል። ሌሎች ኩባንያዎች ለዚሁ ችግር የተለየ መፍትሔ እየሞከሩ ነው፦ ቲ ሴሉን የሚይዘውን ጫፍ በሽፋን ከድነው፣ ሽፋኑ የሚቆረጠው በካንሰሩ አካባቢ በሚገኙ ኢንዛይሞች ብቻ እንዲሆን ያደርጋሉ። ጃነክስ የተባለው ኩባንያ በዚህ መንገድ የሠራው መድኃኒት በጥቂት ሰዎች ላይ ያሳየው የፒኤስኤ መውረድ አስደናቂ ቢሆንም፣ ፕሮስትቫክ በ125 ሰዎች ያሳየውን ተስፋ የሚያስታውስ አንባቢ በዚህ ደረጃ ላይ አፉን ሞልቶ አይናገርም።

ቲ ሴሎችን ከሰውነት አውጥቶ ዘረመላቸውን በመቀየር ካንሰሩን ፈልገው እንዲያጠፉ የማድረጉ መንገድ፣ ካር-ቲ የሚባለው፣ በደም ካንሰር ላይ የታወቀ ነው፤ በፕሮስቴት ካንሰር ላይ ግን ገና በጥቂት ሰዎች የሚሞከር ነው። በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ቲጂኤፍ-ቤታን እንዲቋቋሙ ተደርገው የተሠሩ ሕዋሳት በ13 ሰዎች ላይ ተሞክረው አንዳንዶቹ ላይ ፒኤስኤ ቢወርድም፣ ከባድ የመከላከያ ሥርዓት መታወክና ሞት አጋጥሟል። እኔ ከዚህ ይልቅ ከመደርደሪያ ተነሥቶ በመርፌ ሊሰጥ የሚችለውን መድኃኒት ተስፋ አደርጋለሁ፤ የፕሮቬንጅ ታሪክ ያስተማረው፣ ለእያንዳንዱ ሰው በተናጠል የሚሠራ ሕክምና ሳይንሱ ቢሳካ እንኳ በዋጋውና በአቅርቦቱ ሊወድቅ እንደሚችል ነው።

ሙከራዎቹ በማን ላይ እንደተደረጉ ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። በአሜሪካ ጥቁር ወንዶች በፕሮስቴት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከነጮች ሁለት እጥፍ ያህል ነው፤ ሆኖም በትልልቆቹ ሙከራዎች ውስጥ የተሳተፉት ከድርሻቸው እጅግ ያነሱ ናቸው። ፕሮቬንጅ ከተፈቀደ በኋላ 1,902 ተጠቃሚዎችን በተከታተለ መዝገብ ላይ፣ በመነሻ ፒኤስኤ ተመሳሳይ የሆኑ ሰዎች ሲነጻጸሩ አፍሪካ አሜሪካውያኑ በመካከለኛ ስሌት 35.3 ወር፣ ነጮቹ 25.8 ወር ኖረዋል። ይህ በዕጣ የተደለደለ ሙከራ ስላልሆነ ክትባቱ ለጥቁሮች ይበልጥ ይሠራል ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ጥያቄውን ግን ያነሣል፤ ጥቁር ወንዶች ከመጀመሪያው በሙከራዎቹ በበቂ ቁጥር ቢካተቱ ኖሮ መልሱ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሚኒሶታ ወይም በሲያትል የሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህን አኃዝ ለራሱ እንዳለ እንዳይወስድ መጠንቀቅ አለበት፤ የአብዛኞቹ አፍሪካ አሜሪካውያን የዘር ሐረግ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ስለሚሄድ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሰው ዘረመል በዚያ ጥናት አልተወከለም ማለት ይቻላል። በሐኪም ቤት «በሙከራ መሳተፍ ይፈልጋሉ?» የሚል ጥያቄ ሲቀርብ ጥቅሙን፣ ጉዳቱንና የማቋረጥ መብቱን በሚገባው ቋንቋ አስተርጓሚ ጠይቆ መስማት ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለእውቀቱም ይጠቅማል።

ዛሉሪታሚግ ወደ ሦስተኛ ደረጃ ሙከራ ተሸጋግሯል፤ የሚነጻጸረው ኬሞቴራፒ ከወሰዱ በኋላ በሽታቸው በተባባሰባቸው ሰዎች ዘንድ ካባዚታክሰል ከተባለ ኬሞቴራፒ ወይም ከሆርሞን መድኃኒት ጋር ሲሆን፣ ዋናው መለኪያ ሕመምተኛው የሚኖርበት ዕድሜ ነው። ፕሮቬንጅ ፒኤስኤ ሳይወርድ ዕድሜ እንደሚረዝም፣ ሌሎች ሕክምናዎች ደግሞ ፒኤስኤ ወርዶም ዕድሜ ላይረዝም እንደሚችል ስላሳዩ፣ ይህ መለኪያ መመረጡ ትክክል ነው።

በኢትዮጵያ ውስጥ እነዚህን መድኃኒቶች ዛሬ ለመስጠት ማሰብ አይቻልም። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዘመን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥባት በነበረች፣ ብዙ ወንዶች ሽንታቸው ከታገደ ወይም ወገባቸው መንቀሳቀስ ካቃተው በኋላ በሚመጡባት አገር፣ ቅድሚያ የሚሰጠው በጊዜ መለየትና የሆርሞን ሕክምናን ያለ ማቋረጥ ማድረስ ነው። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ምርምር ውስጥ ፋብሪካም አውሮፕላንም የማይፈልግ አንድ ክፍል አለ፤ የዘረመል አራሚው መሣሪያ መበላሸቱን የሚያሳየው ምርመራ። ከዕጢው በተወሰደ ናሙና ላይ አራት ፕሮቲኖችን በቀለም መፈለግ ነው፤ ለጡት ካንሰር የሆርሞን ተቀባይ ፕሮቲኖችን በዚሁ ዘዴ የሚመረምር የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ተጨማሪ ማቅለሚያ ቢያገኝ ሊሠራው ይችላል። ጥቅሙ በመድኃኒቱ መኖር ላይ ብቻ የተንጠለጠለ አይደለም። በኒውዮርኩ ጥናት ብልሽቱ ከተገኘባቸው 32 ወንዶች ሰባቱ ጉድለቱን ከወላጆቻቸው የወረሱት ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው ወንድሞቹ፣ እኅቶቹና ልጆቹም ሊሸከሙት ስለሚችሉ፣ የአንጀትና የማሕፀን ካንሰር ሳይነሣባቸው ወይም ገና ትንሽ ሳለ ሊመረመሩ ይችላሉ። ፔምብሮሊዙማብ በማይገኝበት ቦታ ላይ እንኳ ይህ ውጤት በእጁ የገባ ሐኪም ለአባትየው ያላደረገውን ለልጆቹ ሊያደርግ ይችላል።